ሥራው ገነነ፣ ሠሪው ተረሳ

ስለ ኪነ ጥበብ በምንወያይበት መድረክ ሁሉ አንድ ያልተጻፈ ድንበር አለ። ሸራና ቡሩሽ፣ እብነ በረድና መሮ፣ ክራርና ብዕር ከድንበሩ ወዲህ ናቸው፤ መጋዝና ሞርሳ፣ ቶርኖና ብየዳ ከድንበሩ ወዲያ ናቸው። ወዲህ ያለው «ሥነ ጥበብ» ይባላል፤ ወዲያ ያለው «የእጅ ሥራ»፣ ሲብስም «ጥገና» ይባላል። ወዲህ ያለው ሰው ስሙን ከሥራው ግርጌ ይጽፋል፤ ወዲያ ያለው ሰው ሥራውን አስረክቦ፣ እጁን ታጥቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህ ጽሑፍ የተነሣው ይህን ድንበር ለመሞገት ነው። ለሙግቱም ምስክር አድርጎ የሚጠራው ብዙዎቻችን ከጥበብ ወገን ቆጥረነው የማናውቀውን አንድ ሥራ ነው፤ ይኸውም አሮጌ ሞተር ብስክሌትን በገዛ እጅ በተበጁ ክፍሎችና በገዛ እጅ በተቀጠቀጠ ላሜራ እንደ አዲስ መሥራት ነው።

የሙግታችን ፍሬ ነገር አጭር ነው። እንዲህ ያለው ሥራ በሚገባ ሲሠራ የጥበብ ሥራ ነው። የጥበብ ሥራ ከሆነ ደግሞ ሁለት ዕዳ አለብን፤ አንደኛው በጥብቅ ሒስ መመዘን፣ ሁለተኛው የሠሪውን ስም መመዝገብ ነው። እስከ ዛሬ የታየው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ሥራው ሲወደድ በሚሊዮን ይሸጣል፤ ሠሪው ግን ስም የለውም።

በመጀመሪያ ሥራው ምን እንደ ሆነ በግልጽ ይታወቅ። አንድ ሰው አርባ ወይም ሃምሳ ዓመት ያስቆጠረ ሞተር ብስክሌት ያገኛል። ፓራፋንጎው ዝጓል፤ የነዳጅ ማጠራቀሚያው ተጨራምቷል፤ መለዋወጫው ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል፤ ምናልባትም የሠራው ፋብሪካ ራሱ ተዘግቷል። ይህ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው፣ ከነጋዴ ዝርዝር እየመረጠ የተዘጋጀ ዕቃ ገዝቶ መግጠም ነው። ይህን ገንዘብ ያለው ሁሉ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ጉዳያችን አይደለም። ሁለተኛው መንገድ የጎደለውን ራሱ መሥራት ነው። ጠፍጣፋውን ላሜራ አሸዋ በተሞላ የቆዳ ከረጢት ላይ አስቀምጦ በእንጨት መዶሻ እየመታ ያጎደጉደዋል። ብረቱ በተመታ ቁጥር ይጠነክራል፤ ሲጠነክርበት በእሳት ያለሰልሰዋል፤ እንደገናም ይመታዋል። ግራውንና ቀኙን ለየብቻ አብጅቶ መሀሉን ይበይዳል፤ ብየዳውን በሞረድ ይሞርዳል፤ በመዳፉ እየዳሰሰ ዐይን ያላየውን ጉብታ ይፈልጋል።

በዚህ ሁሉ መካከል የሚወስናቸውን ነገሮች እናስብ። ማጠራቀሚያው ሁለት ጣት ከፍ ቢል የሞተሩ አካል በሙሉ የጎበጠ ይመስላል፤ ዝቅ ቢል የነጂው ጉልበት ማረፊያ ያጣል። መቀመጫው ወደ ኋላ ቢሸሽ ክብደቱ ከኋላው ጎማ ላይ ይጫናል። ሠዓሊ በሸራው ፊት ቆሞ የሚጠይቃቸውን ጥያቄዎች ይህም ሰው በላሜራው ፊት ቆሞ ይጠይቃል፤ ዐይን ከየት ተነሥቶ ወዴት ይሂድ? ክብደቱ የት ይረፍ? ምን ይቀነስ? ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው። የሠዓሊው መስመር ቢሳሳት ሥዕሉ ይበላሻል፤ የዚህኛው መስመር ቢሳሳት ሰው ሊሞት ይችላል። እንግዲህ ከሁለቱ ኃላፊነቱ የከበደው የማንኛው ነው?

ወደ ምስክሮቻችን እንለፍ። የመጀመሪያው ከአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 ዓ.ም. የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ ከጦር ሜዳ የተመለሱ ወጣቶች ከባዱን የፋብሪካ ሞተር ብስክሌት ለማቅለል ፓራፋንጎውን ቆረጡ፤ ትርፍ ነው ያሉትንም ሁሉ ነቅለው ጣሉ። ከዚህ ልማድ እያደገ የመጣው «ቾፐር» የተባለው ዐይነት ነው፤ ስሙም መቁረጥ ከሚል ቃል የወጣ ነው። የፊቱን ጎማ የሚይዘው ሹካ ረዘመ፤ የመሪው አንገት ተቆርጦ በሌላ ማዕዘን ተበየደ፤ የኋላው ሞላ ተነሣ። ከዚህ ሁሉ የገነነው እ.ኤ.አ. በ1969 ዓ.ም. ለሕዝብ በቀረበው «ኢዚ ራይደር» በተባለው ፊልም ፒተር ፎንዳ የነዳው፣ በነዳጅ ማጠራቀሚያው ላይ የአሜሪካ ሰንደቅ ዓላማ የተሣለበት «ካፒቴን አሜሪካ» ነው። ፊልሙን ያላየ ሰው እንኳ ይህን ሞተር ብስክሌት በሥዕል አይቶታል። የአንድ ትውልድ የነጻነት ምልክት እስከ መባል ደርሷል።

ማን ሠራው? የነዳው ተዋናይ ስሙ በዓለም ታወቀ፤ ፊልሙን ያዘጋጀው ዴኒስ ሆፐርም ታወቀ። ሞተር ብስክሌቱን የሠሩት ግን ሁለት ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። አንደኛው ክሊፍ ቮስ ነው፤ በጥቁሮች የዜግነት መብት ትግል የተሳተፈና ፎቶግራፍ አንሺ የነበረ ሰው ነው። ሁለተኛው በሎስ አንጀለስ ደቡባዊ ክፍል የራሱ መሥሪያ ቤት የነበረው ቤን ሃርዲ ነው። ከፖሊስ አገልግሎት ወጥተው በጨረታ የተሸጡ አሮጌ ሃርሊ ዴቪድሰኖች ተገዝተው፣ ተፈታተው፣ ተቆርጠው፣ እንደገና ተበይደው ለፊልሙ አራት ሞተር ብስክሌቶች ሆነው ወጡ። በፊልሙ የስም ዝርዝር ውስጥ ግን የሁለቱ ሰዎች ስም የለም። ሃርዲ እ.ኤ.አ. በ1994 ዓ.ም. ሲሞት ሥራውን የሚያውቁት የሙያ ጓደኞቹና የሠፈሩ ሰዎች እንጂ ሰፊው ሕዝብ አልነበረም። ቮስ እ.ኤ.አ. እስከ 2016 ዓ.ም. በሕይወት በመቆየቱ በመጨረሻ ዘመኑ ስሙ ሲነሣ ለመስማት በቃ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይህ ነው።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ከአራቱ ሦስቱ ፊልሙ ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት ተሰረቁ። እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. የተረፈው ነው የተባለው ሞተር ብስክሌት በካሊፎርኒያ ለጨረታ ቀርቦ በ1,350,000 ዶላር ተሸጠ። ወዲያውም «እውነተኛው ይህ ነውን?» የሚል ክርክር ተነሣ፤ እውነተኛ ነው የሚባል ሌላም ነበርና። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊል የሚገባው ነገር አለ። ሥራው በተሠራበት ቀን የሠሪዎቹ ስም፣ የየክፍሉ አሠራርና የእጃቸው ምልክት ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ባልተነሣ፣ ቢነሣም በአንድ ቀን በተዘጋ ነበር። ሠሪውን የረሳ ገበያ የሥራውንም እውነተኛነት አጣ። ስም መመዝገብ ለሠሪው የሚደረግ ችሮታ ብቻ አይደለም፤ ለሥራው ታሪክ ዋስትና ነው።

ሁለተኛው ምስክራችን ከኒው ዚላንድ ነው። በኢንቨርካርጊል ከተማ ይኖር የነበረው በርት ሙንሮ እ.ኤ.አ. የ1920 ዓ.ም. ሥሪት የሆነ «ኢንዲያን ስካውት» ሞተር ብስክሌት ነበረው። ከፋብሪካ ሲወጣ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር እንኳ የማይደርስ ነበር። ሙንሮ ባለ ገንዘብ አልነበረም፤ ስለዚህ ገዝቶ የሚገጥመውን ሁሉ ራሱ ሠራ። አሮጌ ቆርቆሮዎችን ቅርጽ ማውጫ አድርጎ ብረት እያቀለጠ አፈሰሰባቸው፤ ፒስተኑን፣ ሲሊንደሩን፣ የሞተሩን መዘውር ራሱ አበጀ፤ ልኬቱን የሚለካው ከአሮጌ የጎማ ሽቦ በተሠራ መለኪያ ነበር። 600 ሴንቲ ሜትር ኩብ የነበረውን ሞተር ወደ 950 አሳደገው፤ ነፋስ የሚሰነጥቅ ልባስም አለበሰው። እ.ኤ.አ. በ1967 ዓ.ም.፣ በ68 ዓመቱ፣ በአሜሪካ በቦንቪል የጨው ሜዳ ላይ ነድቶ በምድቡ የዓለም ክብረ ወሰን ያዘ። በዚያን ጊዜ የተመዘገበለት ውጤት በስሌት ስሕተት ዝቅ ብሎ ስለ ነበረ እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. ታርሞ በሰዓት ከ296 ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ። ሰውየው ከሞተ 36 ዓመት ሆኖት ነበር።

ሙንሮ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ የተሰባበሩትን ክፍሎች የሚደረድርበት መደርደሪያ ነበረው፤ ለፍጥነት አምላክ የቀረበ መሥዋዕት ነው የሚል ጽሑፍም ጽፎበታል። ቀልድ ነው፤ ነገር ግን ከቀልዱ በስተጀርባ ትልቅ ትምህርት አለ። ደራሲ ቀድዶ የጣለውን ረቂቅ፣ ሠዓሊ የሠረዘውን ንድፍ ተመራማሪዎች እንደ ቅርስ ይሰበስባሉ። የተሰበረው ፒስተንም የመካኒኩ ረቂቅ ነው። የአንድን ሰው የአርባ ዓመት አስተሳሰብ፣ ሙከራና እርማት ማንበብ ለሚፈልግ ከዚያ መደርደሪያ የተሻለ መጽሐፍ የለም።

ሙንሮ ስሙ ቀረ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. ታሪኩ በፊልም ተሠራ። ሃርዲ ለረጅም ዘመን ስም አጣ። ለምን? ሙንሮ የሠራውን ራሱ ነዳ፤ ውጤቱም በሰዓት ተለክቶ በመዝገብ ገባ። ሃርዲ ግን በመሥሪያ ቤቱ ቀረ፤ የሠራውን ሌላ ሰው ነዳው፤ በዚያ ላይ ጥቁር ነበረ። ስለዚህ ስም የሚቀረው በሥራው ጥራት ሳይሆን በመታየትና በመመዝገብ ነው ማለት ነው። ይህ ከሆነ የመዝገቡን ብዕር የያዝነው እኛ፣ ማለትም ሐያስያን፣ መምህራንና የባህል ሥራ ኃላፊዎች፣ ከተጠያቂነት አናመልጥም።

«ሙዚየሞች ይህን አስተካክለው የለምን?» የሚል ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1998 ዓ.ም. በኒው ዮርክ የሚገኘው የጉገንሃይም ሙዚየም ከመቶ በላይ ሞተር ብስክሌቶችን ሰብስቦ ትልቅ ዐውደ ርእይ አሳየ። ከቀረቡት መካከልም የ«ካፒቴን አሜሪካ» ቅጂ ነበረበት። ሕዝቡ ጎረፈ፤ በሙዚየሙ ታሪክ ብዙ ተመልካች ከሳቡት አንዱ ሆነ። ከሐያስያን ወገን ግን ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሥነ ጥበብ ቤት የነጋዴ መደብር ሆነ፣ ከደጋፊዎቹም አንዱ ራሱ ሞተር ብስክሌት አምራች ድርጅት ነው ተባለ። ተቃውሞው እውነት አልነበረበትም አንልም። ይሁን እንጂ ሁለቱም ወገኖች የተከራከሩት በተሳሳተ ጥያቄ ላይ ነበር። «ሞተር ብስክሌት ጥበብ ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ መጠየቅ «ወረቀት ቅኔ ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ እንደ መጠየቅ ነው። ከፋብሪካ በሺህ የሚወጣ ዕቃ አንድ ነገር ነው፤ አንድ ሰው አስቦ፣ ቆርጦ፣ ቀጥቅጦ ያወጣው ዕቃ ሌላ ነገር ነው። መጠየቅ የነበረበት «የማን እጅ ነው? እጁስ ምን አሰበ?» ተብሎ ነበር።

አሁን የተቃዋሚዎቻችንን ቃል በቅንነት እንስማ። አንደኛው፣ «አሮጌ ሞተር ብስክሌት ቅርስ ነው፤ ቅርስን መቁረጥ ማጥፋት ነው» ይላል። ይህ ከሁሉ የጠነከረው መቃወሚያ ነው። በከፊልም እንቀበለዋለን። ከፋብሪካ እንደ ወጣ ሙሉ ሆኖ የተገኘ፣ ቢጠሩ ጥቂት ብቻ የቀሩ ዐይነት ከሆነ መጋዝ ሊነካው አይገባም፤ የሚነካው ሰው ጥበበኛ ሳይሆን አጥፊ ነው። ነገር ግን ግማሹ የጠፋ፣ ግማሹ የዛገ፣ በጓሮ የተጣለ አካል ምን ዐይነት ቅርስ ነው? ለእርሱ የቀረለት ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ የሚቀልጥበት እቶን፣ ወይ የሚያስብለት እጅ። በተጨማሪም ጥሩ ሠሪ የሚቀይረውን መዝግቦ፣ የነቀለውን አስቀምጦ፣ ሊመለስ የሚችለውን ሳይቆርጥ ይሠራል። ሒስ ይህን ይጠይቀው እንጂ ሥራውን ከነጭራሹ አያውግዘው።

ሁለተኛው፣ «ይህ የሀብታም መጫወቻ ነው» ይላል። ዛሬ በሚሊዮን ገዝተው በመስታወት ቤት የሚያቆሙት ባለጠጎች መሆናቸው አይካድም። ነገር ግን የሥዕል ገዢዎችስ እነማን ናቸው? በገዢው ምክንያት ሥዕልን አናወግዝም። የዚህ ሥራ ምንጭ ማጣት ነው። ሙንሮ ብረት ያቀለጠው የሚገዛበት ስላልነበረው ነው፤ ሃርዲም የሠራው ሌላው ጊዜያቸው አልፏል ብሎ ያስወገዳቸውን ይዞ ነው።

ሦስተኛው፣ «ለአገልግሎት የተሠራ ነገር ጥበብ ሊሆን አይችልም» ይላል። ለዚህ መልሱ ቅርብ ነው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ለጸሎት አገልግሎት የተፈለፈሉ ናቸው፤ መሶቡ እንጀራ ይይዛል፤ ጀበናው ቡና ያፈላል። አገልግሎት ጥበብን የሚያሳንስ ቢሆን ኖሮ ከምንኮራበት ቅርስ አብዛኛው ይሰረዝ ነበር።

ይህን ስንል ግን የሠሪ ሁሉ ጠበቃ መሆናችን አይደለም። ክብር የምንጠይቅ ከሆነ ሒስም መቀበል አለብን። በዚህ ሙያ ስም የሚሠራ ብዙ ከንቱ ነገር አለ። የፊቱ ሹካ እጅግ ወደ ፊት በተዘረጋ መጠን ሞተር ብስክሌቱ በቀጥታ መንገድ ላይ ሊረጋ ይችላል፤ በዝግታ ሲዞር ግን መሪው ይከብዳል፣ ወደ ጎንም ይጥላል። ይህን እያወቀ ለመታየት ብቻ የሚያስረዝም ሰው ቃላት ለማጋጠም ሲል ትርጉም እንደሚያጠፋ ገጣሚ ነው። መጥፎ ብየዳውን በወፍራም ስቱኮ ሸፍኖ በቀለም የሚያንቆጠቁጥም አለ፤ ስቱኮው ከዓመት በኋላ ሲሰነጠቅ ውሸቱ ይገለጣል። ብልጭልጭ ገዝቶ ለጥፎ «እኔ ሠራሁት» የሚልም አለ። እንግዲህ መመዘኛችን ሦስት ይሁን፤ ይሄዳልን? ከመሪው አንገት እስከ ኋላው ጎማ ያለው መስመር አንድ ሐሳብ ይናገራልን? መጋጠሚያው የተሠራበትን መንገድ ሳይደብቅ ያሳያልን? ሦስቱን ያለፈ ሥራ የጥበብ ሥራ ነው።

ይህ ሁሉ የባሕር ማዶ ወሬ ነው የሚል ካለ ወደ ራሳችን ደጅ ይመልከት። እኛ ብረት ሠሪውን «ቀጥቃጭ»፣ «ቡዳ» እያልን፣ ማረሻውን ተቀብለን እጁን ስንጸየፍ የኖርን ሕዝብ ነን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን በዐዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ነውሩ ሥር ስለ ሰደደ ነው። ከዚያም በፊት ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ሲያሠሩ የአውሮፓውያኑ ሠራተኞች፣ የእነ ዋልድማየር ስም በታሪክ ተጻፈ፤ ከሰል ያከሰሉትን፣ ወናፍ የነፉትን፣ ነሐስ ያቀለጡትን ኢትዮጵያውያን ግን በስማቸው የሚጠራቸው ማን ነው? የሃርዲ ዕጣና የጋፋት ሠራተኞች ዕጣ አንድ ነው።

ዛሬስ? በመርካቶ ምን አለሽ ተራ አሮጌ በርሜል ምድጃ፣ ያረጀ ጎማ ጫማ ይሆናል። በየጋራዡ ባትላሜራው የተጨራመተውን በር በመዶሻ ቀንቶ እንዲወጣ ያደርገዋል፤ ቶርኖ ላይ የቆመው በገበያ የሌለውን ክፍል ከብረት ዘንግ ያወጣል። ላሜራ፣ ቶርኖ፣ ሞርሳ፣ ማርሚታ እያሉ ከጣሊያንኛ የገቡ ቃላትን የራሱ ያደረገ፣ ከአባት ለልጅ፣ ከባለሙያ ለረዳት የሚተላለፍ ሙሉ የሙያ ቋንቋ በጋራዦቻችን ይነገራል። ሒሳችን ግን ይህን ቋንቋ አያውቀውም። ስለ ሥዕል ብርሃንና ጥላ አሥር ገጽ የሚጽፍ ሐያሲ ስለ አንድ ላሜራ ጉብጠት አሥር መስመር መጻፍ የሚያቅተው ላሜራው ባዶ ስለ ሆነ አይደለም፤ ሐያሲው ጋራዥ ገብቶ ስለማያውቅ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ምኞት ሳይሆን ሥራ ነው። አንደኛ፣ በማናቸውም ዐውደ ርእይ በእጅ የተሠራ ዕቃ ሲቀርብ የሠሪው ስም፣ የተሠራበት ዓመትና አሠራሩ ከሥሩ ይጻፍ፤ «የባህል ዕቃ» የሚለው ስም የለሽ ጽሑፍ ይቅር። ሁለተኛ፣ የሥነ ጥበብ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ይዘው ወደ ብረት መሥሪያ ቤቶች ይሂዱ፤ ቅርጽ ከብረት እንዴት እንደሚወጣ ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከመዶሻው ይማሩ። ሦስተኛ፣ ሐያስያን የጋራዡን ቃላት ሰብስበው፣ ተርጉመው፣ ለሒስ ያብቋቸው። አራተኛ፣ ሠሪዎቹ ራሳቸው የተሰበረውን ክፍል አይጣሉ፤ ያስቀምጡ፣ ይጻፉበት፤ በሚሠሩትም ላይ ስማቸውን በማኅተም ይምቱበት።

«ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው» ይላል ያገራችን ሰው። ሥራውን ለሠሪው ሰጥተናል፤ ሲያልቅም ወስደን ተጠቅመንበታል። ያልሰጠነው ስሙን ነው። ስም ደግሞ እንደ ዛገ ክፍል ዘመን ካለፈ በኋላ በቶርኖ ተቀርጾ አይተካም፤ ሰውየው በሕይወት ሳለ፣ ብረቱም ገና ትኩስ ሳለ ካልተመታበት ለዘለዓለም ይጠፋል።